ፈርጡን ማን ያዘው?

እናንተዬ፣ ፈርጥ ያለው ቀለበት ያደረገ ካለ እስቲ አንዴ አውልቆ ገልበጥ አድርጎ ይየው። ያ ድንጋይ በምን የተያዘ ይመስላችኋል? ሰፈር ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ ጠይቄአለሁ፤ አብዛኛው ሰው ሳያመነታ «በሙጫ ነዋ!» ይላል። መንገድ ላይ የሚሸጠው ብልጭልጭ ጌጥ ከሆነ ልክ ናችሁ። ደህና ተደርጎ የተሠራ የብርና የወርቅ ቀለበት ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አንዲት ጠብታ ሙጫ አታገኙም። ብየዳም አይደለም፤ ድንጋይና ብር አይበየዱም። ታዲያ ልብስ ሲታጠብበት፣ ሊጥ ሲቦካበት፣ ከታክሲ በር ጋር ሲጋጭ ስንት ዓመት ሙሉ የማይወልቀው በምን ተአምር ነው?

ተአምር የለበትም። ግን ስትሰሙት «ኧረ ይሄን ያህል ቀላል ነው እንዴ!» ማለታችሁ አይቀርም። እኔ ብያለሁ።

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት የጌጣጌጥ ሙያ የት መማር እንደሚቻል ሳጠያይቅ ነው። እኛ አዲስ አበባ ጌጃ ሰፈር የምንኖር ሰዎች ደግሞ ሙያ ትምህርት ቤት ሩቅ ነው ብለን ማማረር አንችልም። ተግባረ ዕድ የሚባለው የሙያ ኮሌጅ እዚሁ ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፤ የባቡሩ ፌርማታ ሳይቀር በስሙ ይጠራል፣ ከልደታ ፌርማታ ቀጥሎ ወደ ሜክሲኮ ሲኬድ። እናም ስለ ጌጣጌጥ ሥልጠና የሚወራ ነገር ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። እየቆየ የገባኝ ግን ይሄ ነው፦ በዚህ አንድ ስም ሦስት የተለያዩ ሙያዎች ይጠራሉ፤ ሦስቱን ሳይለዩ መመዝገብ ደግሞ ልብስ ስፌት ልማር ብሎ ሽመና ገብቶ መቀመጥ ነው።

የመጀመሪያው ድንጋዩን ማወቅ፣ መቁረጥና ማለስለስ ነው። አገራችን ውስጥ «የከበሩ ማዕድናት ሥልጠና» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚገጥማችሁ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ድንጋዩ አለን። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሰሜን ሸዋ መዘዞ ላይ ኦፓል ወጣ፤ ቀለሙ ሲያዩት ደስ ይላል፣ የመሰነጣጠቅ ጠባዩ ግን ገዢን አስቸገረ። በ2000 ዓ.ም. ወሎ፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና ገደል ላይ የተገኘው ኦፓል ግን የኢትዮጵያን ስም በዓለም ገበያ አስጠራ። በ2009 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ከጉጂ፣ ከሻኪሶ አካባቢ ኤመራልድ መጣ። ችግሩ፣ ብዙው ድንጋይ እንደ ጃይፑር ባሉ የህንድ ከተሞች ተቆርጦ ነው ጌጥ የሚሆነው። ስለዚህ «እዚሁ እንቁረጠው» የሚለው ሐሳብ ቀደመ፤ መቅደሙም ተገቢ ነው። ብቻ የተቆረጠና የለሰለሰ ድንጋይ ገና ቀለበት አይደለም።

ሁለተኛው የአንጥረኛው ሙያ ነው፦ ብሩንና ወርቁን ማቅለጥ፣ መቀጥቀጥ፣ ሽቦ መጎተት፣ መበየድ። በዚህ እኛ ጀማሪ አይደለንም። የድሮዎቹ አንጥረኞቻችን 1780 የሚል የተጻፈበትን የማሪያ ቴሬዛን ብር እያቀለጡ ነበር መስቀሉን፣ አልቦውን፣ የአንገት ጌጡን የሚሠሩት። አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ እጁ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ጠምዝዘው፣ ከጤፍ የማይበልጥ የብር ፍሬ ደርድረው የሠሩትን ያየ ሰው በእጃቸው ብልሃት ይደነቃል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ የዚህ ጥበብ ውበት ያለው ብሩ ራሱ ላይ ነው። ፈርጥ በዚያ ቅርስ ውስጥ ያን ያህል ስፍራ የለውም። ስለዚህ ድንቅ አንጥረኛ ሁሉ ፈርጥ ይገጥማል ማለት አይደለም።

ሦስተኛው፣ የእኔ ልብ ያረፈበት፣ ፈርጥ መግጠም ነው። የተቆረጠውን ድንጋይና የተሠራውን ቀለበት ተቀብሎ ሁለቱን ማጋባት።

አሁን እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ይሄን ካወቃችሁ ማንኛውም አሠልጣኝ ፊት ስትቀመጡ የምር ያስተምራችሁ እንደሆነና እንዳልሆነ ራሳችሁ ትለያላችሁ።

ድንጋዩን ከጎኑ ተመልከቱት። ፈርጥ ሁሉ ወገብ አለው፦ ዙሪያውን የሚዞር፣ ከሁሉም ቦታ የሰፋ መስመር። ከወገቡ በላይ ወደ ውስጥ ይጠባል። ኦፓል ብዙውን ጊዜ ከላይ ጉብ ብሎ ከታች ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚቆረጥ ወገቡ ወደ ታች ወረድ ይላል። አልማዝና ኤመራልድ ደግሞ ከወገቡ በታችም ይጠባሉ። ይህቺን የወገብ ነገር ያዙልኝ፤ ሚስጥሩ እዚህ ጋ ነው።

ቀላሉን አገጣጠም እንውሰድ። አንጥረኛው ስስ የብር ጥብጣብ ይቆርጥና በድንጋዩ ወገብ ዙሪያ ልክ አድርጎ ይጠመጥመዋል። ድንጋዩን ያወጣና የጥብጣቡን ጫፍና ጫፍ ይበይዳል፤ ከታች በብር ዝርግ ላይ፣ ከዚያም በቀለበቱ ላይ ይበይደዋል። ትንሽ ክብ አጥር ቆመ ማለት ነው። ድንጋዩ ገና ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እሳቱ አጠገብ ድርሽ አይልም። ብር የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ብየዳው ከዚያ ዝቅ ባለ ሙቀት ቢሠራም ኦፓል ይሄን ሊቋቋም አይችልም፣ ውስጡ ውሃ አለና ይሰነጠቃል። ስለዚህ የእሳት ሥራ ሁሉ ድንጋዩ ከመምጣቱ በፊት ማለቅ አለበት። መሞረዱም፣ ዋናው ማጽዳትና ማብረቅረቁም እንዲሁ።

ከዚያ መቀመጫው ይመጣል። ከአጥሩ ውስጥ፣ ከታች፣ የድንጋዩ ዳር ዙሪያውን እኩል የሚያርፍበት ደረጃ ይበጃል። ይሄ ሲሆን ድንጋዩ ሲገባ አይወዛወዝም፣ አንድ ጎኑ አይነሳም፣ እንደተመቸው ቁጭ ይላል። የአጥሩ ጫፍ ደግሞ ከወገቡ በላይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ከፍ ብሎ ይተርፋል።

አሁን ነው ጉዱ! ሠሪው ጫፉ የለሰለሰ ብረት ያነሳና ያችን የተረፈች የብር ጫፍ ወደ ድንጋዩ ይገፋታል። ዙሪያውን በቅደም ተከተል አይዞርም። መጀመሪያ በሰሜን በኩል ይገፋል፣ ቀጥሎ በደቡብ፣ ከዚያ በምሥራቅ፣ ከዚያ በምዕራብ። ቀጥሎ በመካከላቸው ያሉትን ማዕዘኖች፣ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ፊት ለፊቱን። ለምን? ከአንድ ጎን ጀምሮ ቢዞር ድንጋዩ ወደ ሌላው ጎን ያጋድላል፤ የተረፈውም ብር እየተገፋ እየተገፋ መጨረሻው ላይ ተጨማዶ ይቀራል። በመስቀለኛ ሲሄድ ግን ድንጋዩ መሀል ላይ ሳይነቃነቅ ብሩ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይታጠፍበታል።

ልጅ በአንቀልባ ሲታዘል አይታችሁ የለ? ከታች ቂጡን የሚደግፈው አለ፣ ከላይ ትከሻው ላይ የሚያጥረው አለ፣ ፊቱ ግን ውጭ ነው፣ ዓለምን ያያል። ልጁ በምንም አልተጣበቀም፤ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ የለም፣ ወደ ኋላም የሚያመልጥበት ቀዳዳ የለም፤ በቃ ተያዘ! ፈርጡም ይሄው ነው። የታጠፈው የብር አፍ አሁን ከወገቡ ይጠባል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ማለፍ አይችልም። ከታች መቀመጫው አለ፤ ወደ ታች መስመጥ አይችልም። እኔ ይሄ ሲገባኝ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ሙጫ የለ፣ ምስማር የለ፣ ብየዳ የለ፤ የድንጋዩ የራሱ ቅርጽ ነው ያሰረው!

ግን ቆይ፣ ብሩ ለምን ታጥፎ እዚያው ይቀራል? ለምን ተመልሶ አይከፈትም? ይሄንን ቤታችሁ ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ። የተጣለ የመብራት ሽቦ ፈልጉና (ከግድግዳ እንዳትነቅሉ አደራ!) ፕላስቲኩን ልጣችሁ ውስጡን ያለውን መዳብ አውጡ። አጥፉት፤ እንደታጠፈ ይቀራል። መልሳችሁ ዘርጉት፣ እንደገና እዚያው ላይ አጥፉት። እየደጋገማችሁ ስትሄዱ ያ ቦታ እየጠነከረ፣ እንቢ እያለ ይመጣል፤ በመጨረሻ ይሰበራል። አሁን ሌላ ሽቦ አጠንክሩና ሳይሰበር በጉጠት ይዛችሁ ምድጃ ላይ እስኪቀላ አግሉት፤ ሲበርድ እንደ አዲስ ይለሰልሳል! ብርም ወርቅም እንዲህ ናቸው። ሲቀጠቀጡና ሲታጠፉ ይጠነክራሉ፣ እሳት ሲያዩ ይለሰልሳሉ። አንጥረኛ ሲቀጠቅጥ ቆይቶ መለስ ብሎ የሚያግለው ለዚህ ነው። ፈርጥ ገጣሚው ብሩን ለስላሳ ሳለ ያጥፈዋል፤ ማጠፉ ራሱ ያጠነክረዋል። ለእንዲህ ያለው አጥር በጣም ንጹሑ ብር የሚመረጠውም ለስላሳ ስለሆነ ነው። ድንጋይ ግን መታጠፍ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ወይ ይችላል ወይ ይሰበራል።

አሁን ሁለቱን አገጣጥሟቸው። ብሩ ይታጠፋል፣ ድንጋዩ አይታጠፍም። መቀመጫው ላይ አንዲት የአሸዋ ፍሬ የምታክል ጉብታ ብትቀር ከላይ የሚመጣው ግፊት ሁሉ እሷ ላይ ያርፋል፤ ቀጭ! የሚለውን ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ሰማችሁ ማለት ድንጋዩ ሄደ። መቀመጫው ዙሪያውን እኩል ከሆነ ግን ያው ግፊት ተከፋፍሎ ምንም አያደርገውም። ከዚህ የተነሳ ጎበዝ ገጣሚ ጊዜውን የሚያጠፋው መቀመጫው ላይ ነው። መግፋቱ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ዋናው ሥራ ያለቀው ድንጋዩ ሳይገባ ነው።

ሌሎቹ አገጣጠሞች የዚሁ ሐሳብ ልጆች ናቸው። በጥፍር የሚያዘው ቀለበት ላይ አጥሩ ወደ አራት ወይም ስድስት ቋሚ ሽቦዎች ይቀንሳል፤ በእያንዳንዱ ሽቦ ውስጥ ለወገቡ የሚሆን ጎድጎድ ያለ መቀመጫ ይቆረጣል፣ ጫፉ ከላይ ይታጠፋል። ብርሃን ከጎንም ስለሚገባ አልማዝ በዚህ ያምርበታል። ትንንሽ ድንጋዮች ተጠጋግተው ሜዳውን የሚሞሉበት ሥራ ደግሞ አለ። ድንጋዮቹን የያዙትን ነጥብ ነጥብ የሚያካክሉ ፍሬዎች ስታዩ አንድ በአንድ የተበየዱ ይመስላችኋል። አይደሉም! ሠሪው በሹል መቅረጫ ከዚያው ከወርቁ ገጽ ላይ ቀጭን ስንጥር ይፍቅና ሳይቆርጣት ቀና ያደርጋታል፣ ድንጋዩ ጫፍ ላይ አስተኝቶ ጭንቅላቷን ያድበለብለዋል። ወርቁ ራሱ ተነስቶ ድንጋዩን ያዘው! ይሄን በአጉሊ መነጽር ያየሁ ቀን ሰላምታ የሚሰጠኝን ሰው አልሰማሁም።

የእኛ ድንጋዮች ጠባይም መታወቅ አለበት። የጥንካሬ መለኪያው ከ1 እስከ 10 ነው፤ አልማዝ 10፣ ሳፋየር 9፣ ኤመራልድ ከ7.5 እስከ 8፣ ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5 አካባቢ። የተለመደው የአሸዋ ፍሬ 7 ነው። እንግዲህ አስቡት፣ የአዲስ አበባ አቧራ ውስጥ ያለችው አሸዋ ኦፓልን ትቧጭራለች! ኤመራልድ ጠንካራ ቢሆንም ሆዱ ውስጥ ስንጥቆች ስላሉት ማዕዘኑ ላይ ሲገፉት በቀላሉ ሊሸረፍ ይችላል። የወገል ጤናው ኦፓል ደግሞ ውሃ ይጠጣል፦ ውሃ ውስጥ ሲከቱት ቀለሙ ጠፍቶ መስታወት ይመስላል፣ ሲደርቅ ቀለሙ ተመልሶ ይመጣል። ውሃ ከጠጣ ዘይትም፣ አሲድም፣ የማብረቅረቂያ ቅባትም ይጠጣል፤ እነዚህ ግን እንደ ውሃው ተንነው ላይወጡ ይችላሉ። መሞረድና ማብረቅረቁ ቀድሞ ይለቅ ያልኳችሁ ለዚህም ጭምር ነው። ለኦፓል ዙሪያውን የሚያቅፈው አጥር ነው የሚሻለው፤ በጥፍር ተይዞ የሚሄድ ኦፓል ባየሁ ቁጥር ልቤ ይፈራል።

ወደ ሥልጠናው ልመለስ። ማስታወቂያው «ጌጣጌጥ» ይበል «ከበረ ድንጋይ» ርዕሱን እርሱትና አሠልጣኙን በቀጥታ ጠይቁት፦ «የፈርጥ መቀመጫ መቁረጥ ታስተምራላችሁ?» ዓይኑ በራ አድርጎ መሣሪያውን ሊያሳያችሁ ከተነሳ ትክክለኛው ቦታ ናችሁ። ስለ ድንጋይ ዓይነትና ዋጋ ማውራት ከጀመረ ደግሞ ሥልጠናው መጥፎ ነው ማለት ሳይሆን የመጀመሪያው ሙያ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ጠይቁ፦ እያንዳንዱ ሠልጣኝ የራሱ የሥራ ጠረጴዛ አለው ወይ? አሥራ አምስት ሰው አንድ ሰው ሲሠራ ቆሞ የሚያይበት ክፍል ለዚህ ሙያ ምንም አይፈይድም፤ የግፊቱን ልክ የሚያውቀው እጅ ነው፣ ዓይን አይደለም። ቪዲዮንም የማየው በዚሁ ዓይን ነው፦ ሐሳቡን ለመረዳት ግሩም፣ እጅን ለማስተማር ደካማ። ሌላው የምወደው ጥያቄ፦ ድንጋይ ቢሰበር ወጪው የማን ነው? በነሐስና በርካሽ ሰው ሠራሽ ድንጋይ አስጀምረው ወደ ብር የሚያሸጋግሩ ከሆነ ይሄ ጥያቄ አያስጨንቃቸውም።

መነሻው የሙያ ኮሌጆች ናቸው። መደበኛው ትምህርት በደረጃ የተከፋፈለ ነው፣ ከዚያ ውጭ አጫጭር ሥልጠናም ይሰጣል። በዚህ ዓመት በጌጣጌጥ ዘርፍ ምን እንደተከፈተ ተግባረ ዕድ በር ላይ፣ አለዚያም በክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በአካል ሄዶ መጠየቅ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ፦ የብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው፣ ኮሌጅ ለተማረ ብቻ የተሠራ አይደለም። በሥራ ላይ የተማረ ሰውም ደረጃ በወጣለት ሙያ ቀርቦ መመዘን ይችላል። ስለዚህ ከአንጥረኛ እግር ሥር ቁጭ ብሎ መማር ወረቀት አልባ መንገድ ነው ብላችሁ አትናቁት።

በእኔ አስተያየት ፈርጥ መግጠም ለሚፈልግ ሰው ይሄኛው መንገድ ነው የሚሻለው፣ ከባድ ቢሆንም። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ መልኳ ስለተለወጠ በድሮ አድራሻ ወርቅ ቤት መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ እዚያው ያሉትን እየጠየቁ፣ «ፈርጥ ማን ይገጥምላችኋል?» እያሉ ከሱቁ ወደ ጓዳው መዝለቅ ይሻላል። እምቢ ቢሏችሁ አትቀየሙ። የአንጥረኛውን ጠረጴዛ አይታችሁ ከሆነ ፊቱ በግማሽ ክብ ተቆርጦ ከሥሩ ቆዳ ተወጥሯል፤ ሲሞርድ የሚረግፈው ብናኝ እዚያ ይጠራቀማል፣ ተሰብስቦም መልሶ ይቀልጣል። የ18 ካራት ወርቅ ከመቶ 75ቱ ንጹሕ ወርቅ ስለሆነ ያ ብናኝ ገንዘብ ነው። የማያውቁትን ሰው እዚያ ቆዳ አጠገብ ማስቀመጥ ካዝና ከፍቶ እንደመውጣት ነው። ስለዚህ ተያዥ ይዛችሁ፣ የሚያውቃችሁ ሰው አስቀድማችሁ ሂዱ፤ ወርቅ ከሚሠራው ይልቅ ብር የሚሠራውን ብትጠይቁ ደግሞ በሩ ቶሎ ይከፈታል።

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች ዕድላችሁ ሰፊ ነው። እንግሊዝ ቢርሚንግሃም ያለው የጌጣጌጥ ትምህርት ቤት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1890 ጀምሮ አለ፤ እንዲህ ባሉ ቦታዎች ፈርጥ መግጠም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ተምራችሁ ስትመጡ ለእረፍት ቢሆን እንኳ ለአንድ ሁለት ሰው አሳዩ።

እስከዚያው ግን ከመካከላችሁ ፈርጥ የሚገጥም አጎት፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው ያለው ካለ አገናኙኝ፤ ብቻዬን አልሄድም፣ የሚመጣ ካለ አብረን ነው የምንጠይቀው። የነሐስ ጥብጣብ፣ ትንሽ ሞረድና አጉሊ መነጽር ካላችሁ ያዙ። ከደላንታ ያመጣችሁትን ኦፓል ግን ቤት ተዉት፤ እጃችን ሲለምድ እንደርስበታለን።